ከደሴ ኮምቦልቻ ሳይሰነጠቅ፦ የባለ ሁለት ደርብ ኬክ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው ባለ ሁለት ደርብ የሠርግ ኬክ ነው። የታችኛው ስፋት 25 ሴ.ሜ.፣ የላይኛው 15 ሴ.ሜ.፣ የእያንዳንዱ ቁመት 10 ሴ.ሜ. ነው። ውስጡ በቅቤ ክሬም ይሞላል፣ ውጩ ነጭ ፎንዳንት፣ ማለትም እንደ ሊጥ ታሽቶና ተዳምጦ የሚለበስ የስኳር ሽፋን፣ ይለብሳል። የሚጋገረው ደሴ፣ በተራ የቤት ኤሌክትሪክ ኦቨን ነው፤ የሚቆረሰው እሑድ ኮምቦልቻ ነው።

እዚህ የምንከታተለው ስንጥቅን ብቻ ነው። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ኬክ ላይ ስንጥቅ የሚታይበት ቀንና የሚፈጠርበት ቀን ይለያያል። ቅዳሜ ፎንዳንቱ ጫፍ ላይ የወጣው መስመር ሥሩ ዓርብ ሳይረጋ የተለበሰ ኬክ፣ ወይም ረቡዕ የተመረጠ ስስ ቦርድ (ኬኩ የሚቀመጥበት ገበታ) ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ ሥራ ላይ ስንጥቁ ከየት እንደሚመጣ አብረን እንጽፋለን።

ረቡዕ፦ ቦርዱና ፎንዳንቱ

ሥራው ከቦርዱ ይጀምራል። ስስ ካርቶን ለትንሽ ኬክ ይበቃል፤ ይህ የታችኛው ደርብ ግን ከነክሬሙና ከነፎንዳንቱ ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። ሲያነሱት ካርቶኑ ይረግባል፤ የደረቀ ፎንዳንትና የቀዘቀዘ ክሬም ግን አብረው መርገብ ስለማይችሉ ይሰነጠቃሉ። ከቦርድ የመጣ ስንጥቅ በመልኩ ይለያል። ኬኩ በሁለት ጫፍ ተይዞ ከተነሣ ከጎኑ ግርጌ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሥር በመሐል በእጅ ከተደገፈ ደግሞ አናቱን ከዳር እስከ ዳር በቀጥታ ያቋርጣል። እንዲህ ያለውን መስመር እያዩ ፎንዳንቱን መውቀስ ትርፉ ድካም ነው።

እንጨት ቤት 8 ሚ.ሜ. ኮምፔርሳቶ በ35 ሴ.ሜ. ክብ ተቆረጠ፤ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ተላገ፤ በፎይል ተሸፈነ። ከሥሩ 1 ሴ.ሜ. ከፍታ ያላቸው አራት የጎማ እግሮች ተለጥፈዋል፤ ሲያነሱት ቦርዱ ሳይዘምም ጣት ከሥሩ እንዲገባ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ 5 ኪሎ ስኳር መሐሉ ላይ ይቀመጥና ቦርዱ በሁለት ጫፍ ተይዞ በዓይን ትክክል ይታያል። የሚታይ መርገብ ካለ ቦርዱ አይሆንም። ለላይኛው ደርብ 4 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው የ15 ሴ.ሜ. ክብ በቂ ነው።

ፎንዳንቱ 24 ሰዓት ማረፍ ስላለበት ዛሬውኑ ተዘጋጀ። የአንድ ጊዜ መጠን፦ ጀላቲን 10 ግራም፣ ቀዝቃዛ ውሃ 60 ሚ.ሊ.፣ ግሉኮስ ሽሮፕ 160 ግራም፣ ለምግብ የሚሆን ግሊሰሪን 20 ሚ.ሊ.፣ ነጭ የአትክልት ቅባት 20 ግራም፣ የተነፋ አይሲንግ ስኳር 900 ግራም፣ ለማሻሻያ ደግሞ 50 ግራም ስኳር ለብቻው። ከዚህ 1.2 ኪሎ ያህል ይወጣል። ለታችኛው ደርብ 1.1 ኪሎ፣ ለላይኛው 700 ግራም ስለሚያስፈልግ ሁለት ጊዜ ተሠራ፤ የሚተርፈው ለመጠገኛና ለአበባ ነው።

ሁለት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። ለቆዳ ማለስለሻ የሚሸጠው ግሊሰሪን ለኬክ አይገባም፤ ዕቃው ላይ ለምግብ እንደሚሆን የተጻፈበት መሆን አለበት። ጀላቲኑም ከከብት መሆኑና ሐላል የሚለው ጽሑፍ መኖሩ ይታይ። ወሎ ውስጥ የሠርግ ድግስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይቀመጥበታል፤ ከአሳማ የተሠራ ጀላቲን ለሁለቱም አይሆንም።

ጀላቲኑ ውሃው ላይ ተበትኖ 10 ደቂቃ ይጠጣል፤ ከዚያ በሙቅ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን ይቀልጣል። መፍላት የለበትም፤ የፈላ ጀላቲን የመሳብ ኃይሉን ያጣል፣ ፎንዳንቱም ገና ሲዘረጋ ይበጠሳል። ግሉኮሱ፣ ግሊሰሪኑና ቅባቱ ተጨምረው ከሟሙ በኋላ መጀመሪያ 750 ግራም ስኳር ይገባል፤ ቀሪው ሲታሽ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። እሽቱ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ የደሴ አየር ደረቅ ነው፤ በሌላ ቦታ 15 ሚ.ሊ. የሚበቃውን ግሊሰሪን ወደ 20 ያሳደግነው፣ ስኳሩንም ከ1 ኪሎ ያወረድነው ለዚህ ነው። ፎንዳንት የሚሰነጠቀው የጭቃ ቤት ምርጊት በሚሰነጠቅበት ምክንያት ነው፤ ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር የሚይዘው ያጣል። ግሊሰሪን ውሃውን ይዞ ያቆያል። መፈተኛው፦ የጣት ውፍረት ያለው 10 ሴ.ሜ. ቁራጭ በሁለት እጅ በዝግታ ይሳባል። 20 ሴ.ሜ. ሳይደርስ ከተበጠሰ ለ500 ግራም 5 ሚ.ሊ. ግሊሰሪን ይታሽበት፤ በራሱ ክብደት ከተንጠባጠበ ከተቀመጠው ስኳር ይጨመርበት። ከዚያ ቅባት ተቀብቶ፣ በስስ ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ፣ በክዳን ዕቃ ይቀመጣል። ፍሪጅ ውስጥ አይገባም።

ሐሙስ፦ መጋገር

ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃ የሚፈላውም 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከውጭ የተገኘ የኬክ አሠራር እንዳለ ሲጋገር የሚበላሸው በዚህ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ከላይ የሚጫነው አየር ስላነሰ አብዝቶ ይነፋል፤ ሊጡ ሳይጸና ከፍ ይላል፣ ከዚያ ወይ አናቱ ይቀደዳል ወይ መሐሉ ይሰምጣል። ውሃውም ቶሎ ስለሚተን ኬኩ ይደርቃል፤ ደረቅ ኬክ ደግሞ ሲቆረጥና ሲነሣ ይሰነጠቃል።

ለ20 ሴ.ሜ. ፎርማ የምንጠቀምበት መጠን ይህ ነው፦ ፉርኖ ዱቄት 195 ግራም፣ የበቆሎ ስታርች 25 ግራም፣ ስኳር 190 ግራም፣ ለስላሳ ቅቤ 150 ግራም፣ ከቅርፊቱ የወጣ እንቁላል 165 ግራም፣ ወተት 130 ሚ.ሊ.፣ ቤኪንግ ፓውደር 5 ግራም፣ ጨው 2 ግራም፣ ቫኒላ አንድ የሻይ ማንኪያ። ዝቅ ባለ ቦታ ቤኪንግ ፓውደሩ 8 ግራም ይሆን ነበር። እንቁላል በቁጥር አይገመትም። ከፈረንጅ ዶሮ 3 ትልልቅ ሊበቃ ይችላል፤ ሰኞ ገበያ ከሚገኘው የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ግን ወደ 5 ያስፈልጋል። "3 እንቁላል" ብሎ የሐበሻውን መስበር ከሊጡ ላይ ሲሶ ገደማ እንቁላል መቀነስ ነው፤ ያን ጊዜ ኬኩ የሚያያዝበት ያንሰዋል።

ይህ መጠን በ1.56 ሲባዛ ለ25 ሴ.ሜ. ፎርማ፣ በ0.56 ሲባዛ ለ15 ሴ.ሜ. ይሆናል። በሊጥ ክብደት 1,340 ግራምና 480 ግራም ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ደርብ ሁለት ሁለት ኬክ ይጋገራል። ፎርማው 7.5 ሴ.ሜ. ጥልቀት ካለው ሊጡ ከግማሽ ማለፍ የለበትም፤ ሁለት ሦስተኛ ሙሉ የሚለው ልማድ ለደሴ አይሠራም።

የደሴ ጠዋት ብርድ ቅቤውን ያጠነክረዋል። ቅቤና ስኳር ሲመታ ቅቤው 18 እስከ 20 ዲግሪ፣ እንቁላሉና ወተቱም በዚያው ሙቀት ይሁኑ። ቀዝቃዛ እንቁላል ሲገባ ሊጡ ይቋጥራል፤ የተቋጠረ ሊጥ አየሩን እኩል አይዝም፣ ሲጋገርም ጋዙ ደካማውን ቦታ ሰብሮ ይወጣል። እንቁላሉን በሙቅ ውሃ 5 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ሚክሰሩ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ነጭ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ ይዙር። ሊጡ ሲለፋ ግሉተኑ (የሚለጠጠው የስንዴ ፕሮቲን) ይጠነክራል፤ ውጤቱ ሾጣጣ አናትና ወደ ውስጥ የሚወርድ ሽንቁር ነው።

ለማነጻጸር ከዋናው በፊት ሦስት የ15 ሴ.ሜ. ፎርማዎች በ175 ዲግሪ ተጋገሩ። በ8 ግራሙ ስሌት የተሠራው በፍጥነት አበጠ፤ ሲወጣ መሐሉ ሰመጠ፣ ዙሪያውም የቀለበት ስንጥቅ ቀረበት። ሁለተኛው፣ በ5 ግራሙ የተሠራው፣ ከፍ ያለ ጉብታ ሠራና አናቱ ተሰነጠቀ። ሦስተኛው በተመሳሳይ ሊጥ ሆኖ ፎርማው በእርጥብ ጨርቅ ተጠምጥሞ ነበር፤ አናቱ ሜዳ ሆኖ ወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የብረቱ ጠርዝ ቀድሞ ሲግል ዳሩ ይጸናል፣ መሐሉ ግን ገና እየነፋ ስለሆነ መውጫው በላይ ብቻ ይሆናል። ጨርቁ ጠርዙን አቀዝቅዞ ዳርና መሐል አብረው እንዲነሡ ያደርጋል። የጥጥ ጨርቅ በ5 ሴ.ሜ. ስፋት ታጥፎ፣ ተነክሮ፣ ውሃ እስከማያንጠባጥብ ተጨምቆ፣ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። የኦቨኑን የሚግል ሽቦ እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

ትልቁ ፎርማ በ170 ዲግሪ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ፣ ትንሹ በ175 ዲግሪ ከ32 እስከ 35 ደቂቃ ወሰደ። የቤት ኦቨን መዘውር የሚያሳየውና ውስጡ ያለው ሙቀት ስለሚለያይ ቴርሞሜትሩ ውስጥ ይቀመጥ። ማታ የየቤቱ ምድጃ ሲበራ የመብራቱ ኃይል ስለሚወርድ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ተጨረሰ። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ በሩ አይከፈትም፤ ያለው ሙቀት ለተወሰነ ደቂቃ ይይዛል።

መብሰሉን በቴርሞሜትር የሚለካ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። የውጭ መመሪያ የኬኩ መሐል 96 እስከ 98 ዲግሪ እስኪደርስ ይላል። እዚህ ውሃው በ92 አካባቢ ስለሚፈላ ኬኩ እዚያ ቁጥር ለመድረስ መድረቅ አለበት። ደሴ ላይ 90 እስከ 92 ሲያሳይና ስቴኪኒ ሲገባ ፍርፋሪ ብቻ ይዞ ሲወጣ በቂ ነው። ብዙ "የሚፈረፈር ኬክ" ከዚህ ሌላ ጥፋት የለበትም።

ከወጣ በኋላ 10 ደቂቃ በፎርማው፣ ከዚያ በሽቦ መደርደሪያ ላይ። ከሩብ ሰዓት በላይ ፎርማው ውስጥ ከቆየ ዳሩ ይጣበቅና ሲገለበጥ ይቀደዳል።

አናት ላይ ያለ ስንጥቅ ሁሉ አያስጨንቅ። ጉብታው ተስተካክሎ የሚቆረጥ ስለሆነ ከ1 ሴ.ሜ. ያልጠለቀው አብሮ ይወገዳል። ከዚያ የጠለቀው ግን መታለፍ የለበትም፤ ንብርቡ ሲነሣ እዚያው ይሰበራል፣ በክሬም ቢለጠፍም በጉዞ ላይ ይከፈታል። እንዲህ ያለው ኬክ ለቤት ይበላ፤ ለደርብ አይሁን።

ዓርብ፦ መሙላትና ማርጋት

ኬኮቹ በፕላስቲክ ተጠቅልለው አድረዋል፤ እርጥበታቸው ስለተስተካከለ ሲቆረጡ አልተፈረፈሩም። እያንዳንዱ በዳቦ ቢላዋ 4 ሴ.ሜ. ላይ ተስተካክሎ ለሁለት ተከፈለ፤ ለአንድ ደርብ አራት ንብርብ ማለት ነው። ስኳርና ውሃ እኩል በክብደት ፈልቶ የቀዘቀዘ ሽሮፕ ተቀባ፤ ለ25 ሴ.ሜ. ንብርብ 60 ሚ.ሊ.፣ ለ15 ሴ.ሜ. 20 ሚ.ሊ.። ከዚህ ከበዛ ኬኩ ይከብድና ጎኑ ይነፋል።

ክሬሙ፦ ቅቤ 800 ግራም፣ አይሲንግ ስኳር 960 ግራም፣ ወተት 70 ሚ.ሊ.፣ ጨው አንድ ቁንጥጫ። በብዙ ቤት ስኳሩ የቅቤውን እጥፍ ይደረጋል። እንዲህ ያለው ክሬም በደረቅ አየር ላዩ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ነው የሚሰነጠቀው። ስኳሩን 1.2 እጥፍ ላይ ማቆም ክሬሙን ለስላሳ ያደርገዋል፣ ለምላስም ይሻላል። በየንብርቡ መሐል 6 ሚ.ሜ.፣ ከዚያ አይበልጥም።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ አለ። የተደረደረ ኬክ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ በመሐል የታፈነ አየርም ይወጣል። ፎንዳንት ከለበሰ በኋላ ከወረደ ልብሱ ሰፍቶ ይቀራል፤ ጎኑ ላይ እንደ ቀበቶ የሚዞር እብጠት፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ደቃቅ ስንጥቅ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱም ደርብ በፕላስቲክ ተጠቅልለው፣ በትልቁ ላይ 1 ኪሎ፣ በትንሹ ላይ 400 ግራም የሚመዝን ንጹሕ ሴራሚክ ተጭኖባቸው፣ በቀዝቃዛ ክፍል አደሩ። ትልቁ 5 ሚ.ሜ. ያህል ወርዶ ተገኘ። ያ 5 ሚ.ሜ. ቅዳሜ ማታ ቢወርድ ኖሮ በፎንዳንቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ቅዳሜ፦ ማልበስ

መጀመሪያ ፍርፋሪ የሚይዝ ስስ የክሬም ሽፋን፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ የ4 ሚ.ሜ. ሽፋን። ኬኩና ክሬሙ በአንድ ሙቀት፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ይሁኑ። ከፍሪጅ የወጣ ኬክ ለብ ያለ ክሬም ሲለብስ፣ ቀስ እያለ ሲሞቅ ይለጠጥና ክሬሙን ይሰነጥቃል። ላይኛው ጠርዝ በጣት በትንሹ ተድቦልቡሏል፤ ሹል ጠርዝ ፎንዳንትን ይቆርጣል።

ፎንዳንቱ እንደገና 3 ደቂቃ ታሸ፤ ለእጅ ዱቄት ሳይሆን ቅባት። ገበታው ላይ የሚነሰነሰው የበቆሎ ስታርች በወንፊት በጣም በስሱ ነው፤ ስታርች እርጥበት ይመጥጣል፣ ፎንዳንቱ ላይ የሚታዩት ደቃቅ መስመሮች ግማሹ ከእሱ ናቸው። በመዳመጫ 4 ሚ.ሜ. ውፍረት እስኪሆን ተዳመጠ። ለታችኛው 50 ሴ.ሜ.፣ ለላይኛው 40 ሴ.ሜ. ክብ፦ የኬኩ ስፋት፣ ሁለት ጊዜ ቁመቱ፣ ትርፍ 5 ሴ.ሜ.። ከ3 ሚ.ሜ. ከሳሳ ጠርዙ ላይ ይቀደዳል፤ ከ5 ሚ.ሜ. ከወፈረ በክብደቱ ወደ ታች እየሳበ ራሱን ይቀድዳል።

ተዳምጦ እስኪለብስ ከ3 ደቂቃ በላይ አይቆይ፤ መስኮትና በርም ዝግ ይሁኑ። ኬኩ ላይ ሲያርፍ ቅድሚያ ላይኛው ጠርዝ ዙሪያውን በመዳፍ ይያዛል፤ ጎኑ ከዚያ በኋላ ነው። ጠርዙ ሳይያዝ ጎኑን መሳብ ክብደቱን ሁሉ ጠርዙ ላይ ይጥላል።

በግራ በኩል ጠርዙ ላይ የጥፍር ርዝመት ያላቸው ደቃቅ መስመሮች ታዩ። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ስለሆነ በእጅ ሙቀት ይመለሳል፤ ጣት ላይ ጥቂት ቅባት፣ በክብ እንቅስቃሴ፣ ሳይጫኑ። ቆይቶ የደረቀ ስንጥቅ ግን በማሸት ይብሳል። ለእሱ የአተር ፍሬ የሚያህል ፎንዳንት ከጥቂት ጠብታ ውሃ ጋር ተለውሶ ሊጥ ይሆናል፤ በስፓቱላ ጫፍ ይሞላል፣ ትርፉ በእርጥብ ብሩሽ ይነሣል።

በታችኛው ደርብ ውስጥ አምስት ወፍራም ስትሮዎች ልክ በኬኩ ቁመት ተቆርጠው ገቡ፤ አራቱ የላይኛው ቦርድ ከሚያርፍበት ክብ 2 ሴ.ሜ. ወደ ውስጥ፣ አንዱ መሐል። ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋውን ላይኛውን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። አንዱ እንኳ 2 ሚ.ሜ. ቢያጥር ላይኛው ወደዚያ ይዘምማል፣ የታችኛውም አናት ይሰነጠቃል።

በስኳርና በእንቁላል ነጭ የሚሠራው የመስመር ጌጥ ደርቆ መንገድ አይችልም፤ ለሠርጉ ቦታ ተትቷል።

እሑድ፦ ቁልቁል

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ 650 ሜትር ይወርዳል። ደሴ የጠነከረው ቅቤ እዚያ ይለሰልሳል። ስለዚህ ጉዞው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ሆነ። ኬኩ ፍሪጅ ውስጥ አላደረም፤ ቀዝቃዛ ፎንዳንት ሞቃት አየር ሲያገኝ ያልበዋል፣ ይጣበቃል።

ሁለቱ ደርቦች ለየብቻ፣ ልካቸው በሆነ ካርቶን ውስጥ ተቀመጡ። ከቦርዱ ሥር የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ፣ ከካርቶኑ ሥር የፍራሽ ስፖንጅ። ቦታው የመኪናው ወለል ነው። ወንበር ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ጭን ላይ ሲያዝ ደግሞ ቦርዱ ከመሐል ይደገፋል፣ አናቱን የሚያቋርጠውን መስመር የሚያመጣውም ይኸው ነው። በሐረጎ ቁልቁለት ጠመዝማዛ ላይ ኬኩን የሚጎዳው ድንገተኛ ፍሬን ነው። ሹፌሩ ከመነሣቱ በፊት "በዝቅተኛ ማርሽ፣ ኩርባው ሳይደርስ ፍጥነት ይቀንሱልን" መባል አለበት። ከተማ ከገቡ በኋላ ባጃጅ አይታሰብም፤ ንዝረቱ ስትሮዎቹን ያነቃንቃል።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለሚጫን ኬክ ነገሩ ይገለበጣል። ከፎንዳንቱ ሥር የታፈነ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ስለሚሰፋ እንደ ፊኛ ያብጣል፤ ፊኛው ሲፈነዳ ይሰነጠቃል። መውጣት ከመጀመሩ በፊት እብጠት የተጠረጠረበት ቦታ ሁሉ በቀጭን ንጹሕ መርፌ በአግድም ይበሳና በመዳፍ ይስተካከል።

ሠርጉ ቦታ ላይ ጠረጴዛው በውሃ ልክ ታየ፤ አንድ እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ገባ። የታችኛው ተቀመጠ፣ የላይኛው ተጫነበት፣ የመገናኛው ዙሪያ በፎንዳንት ገመድ ተዘጋ። የታችኛው ኋላ በኩል ከግርጌ 3 ሴ.ሜ. የሚሆን ፀጉር መሳይ መስመር ተገኘ፤ ካርቶኑ ከመኪና ሲወርድ በአንድ ጎን ቀድሞ በመነሣቱ የመጣ ነው። በፎንዳንት ሊጥ ተሞልቶ ቅጠል ተለጠፈበት። የመስመር ጌጡ በመጨረሻ ተሠራ፤ ለ500 ግራም አይሲንግ ስኳር 5 ሚ.ሊ. ግሊሰሪን ስለገባበት ሲቆረስ በቢላዋው ሥር አይፈነጣጠርም። ለቤተ ዘመዱ 100 ግራም የተጠቀለለ ፎንዳንትና ትንሽ ቅባት ተሰጥቷል፤ እስኪቆረስ ድረስ ጠረጴዛው ቢነካ የሚጠገንበት ነው።